መጀመሪያ አረፋ፣ መጨረሻ ውሃ፦ የአንዲት ትንሽ የቤት ድራፍት ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ጓደኛዬ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ይኖራል፣ ኤርፖርት ይሠራል፣ ቢራ ደግሞ ቤቱ ይጠምቃል። በቅርቡ አንዲት ትንሽ የድራፍት ዕቃ ገዛ። ወደ 4 ሊትር የምትይዝ የማይዝግ ብረት በርሜል ናት፣ ክዳኗ ላይ መቅጃ ቧንቧና የጋዙን ግፊት የሚወስን ሬጉሌተር አላት፣ ጋዟን የምታገኘው ጣት ከምታክል፣ ጋዝ ከታመቀባት የብረት ካርትሪጅ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥም ከወተቱ ጎን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሐሳቡ ጠርሙስ ማጠብ ቀርቶ ከሥራ ሲገባ አንድ ብርጭቆ መቅዳት ነበር። የሆነው ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ብርጭቆዎች አረፋ ብቻ ሆኑ። በርሜሏ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቢራው ጋዙ ጠፍቶ ውሃ ውሃ አለ። የመጨረሻው ሊትር ደግሞ ጭራሽ ከቧንቧው አልወጣም። «ተሸወድኩ» ብሎ ሊሸጣት ነበር።

ዕቃዋ ግን ከአንዲት ጎሚኒ በቀር ደህና ነበረች። የተቀረው የጋዝ ሒሳብ ነው። እንደዚህ ዓይነቷን ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚሁ ቦታ ስለሚወድቅ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን ትንሿን እንደመረጠ። ሰውዬው የሚጠምቀው በ5 ጋሎን፣ ማለትም በ19 ሊትር ነው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ጠማቂው መለኪያ ይሄ ነው፣ የሚሸጠው ባልዲም፣ የሚጻፈው አሠራርም በዚህ ልክ ነው። 19 ሊትር በተለመደው ጠርሙስ ሲሞላ ከ50 ጠርሙስ በላይ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ይታጠባል፣ ከጀርም ይጸዳል፣ ይሞላል፣ ቆርኪ ይገጠምለታል፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ባለቤቱ በመጨረሻ «ወይ ጠርሙሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። ፍርዱ ግልጽ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሄደው ወደ ትልቋ በርሜል ነው። ኮርኒ ይሏታል። መጀመሪያ የተሠራችው ለለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ነበር፣ በኋላ የለስላሳ ኩባንያዎች ሽሮፑን በካርቶን ውስጥ በሚቀመጥ ከረጢት ማቅረብ ሲጀምሩ አሮጌዎቹ በርሜሎች በርካሽ ለቤት ጠማቂዎች ተረፉ። ጥሩ ዕቃ ናት፣ እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የተሻለች ናት። ግን የራሷን ፍሪጅ ትፈልጋለች፣ የራሷን የጋዝ ሲሊንደርም ትፈልጋለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ፍሪጅ አፓርታማ የሚኖር፣ ፍሪጁም በወጥና በልጆች እርጎ የተሞላበት ሰው ይሄን የት ያደርገዋል? ስለዚህ ትንሿን ገዛ። ምርጫው ስህተት አልነበረም።

በነገራችን ላይ ሕጉን የሚጠይቅ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ለራስና ለቤተሰብ የሚጠመቅ ቢራን ከፌዴራል ታክስ ነጻ አድርጓል። አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያሉበት 200 ጋሎን ድረስ መጥመቅ ይችላል። መሸጥ አይቻልም። የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበርም በዚያው ዓመት እዚያው ኮሎራዶ፣ ቦልደር ነው የተቋቋመው። ጓደኛዬን አንድ ጎረቤት «ለልደት 20 ሊትር ሽጥልኝ» ብሎት ነበር፣ በጨዋ ደንብ እምቢ አለ።

አሁን ወደ አረፋው። ምን እንዳደረገ ደረጃ በደረጃ አስነገርኩት። ቢራው መፍላቱን ጨርሷል (እርሾው ስኳሩን በልቶ አብቅቷል)፣ ወደ በርሜሏ ገለበጠው፣ ክዳኑን ዘጋ፣ አንድ ባለ 16 ግራም ካርትሪጅ አጠበቀ፣ ሬጉሌተሩን 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ አደረገው፣ ከዚያ ቪዲዮ ላይ እንዳየው በርሜሏን እንደ ቅል ናጣት። ፍሪጅ አስገባት። በማግስቱ ቀዳ።

ሒሳቡን እንሥራ። ለብ ያላለና ሕይወት ያለው አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ 2.5 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሟሙቷል። በክብደት ወደ 5 ግራም ነው። መፍላቱን በክፍል ሙቀት የጨረሰ ቢራ በራሱ 0.85 ሊትር ገደማ ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ የሚጎድለው በሊትር 3.2 ግራም ነው። በርሜሏ ውስጥ 3.8 ሊትር ካለ 12 ግራም ጋዝ ይበቃዋል ማለት ነው። ካርትሪጁ 16 ግራም ነው፣ እንዲያውም ይተርፋል። ዕቃዋን የሚሸጡትም «አንድ ካርትሪጅ ይበቃል» የሚሉት ይሄን ይዘው ነው።

ጋዙ ግን ሁለት ሥራ ነው ያለው። አንደኛው ቢራው ውስጥ መሟሟት ነው። ሁለተኛው ቢራውን ወደ ላይ መግፋት ነው። የቀዳኸው ቢራ የነበረበት ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ጋዝ መሙላት አለበት፣ ያውም ግፊት ያለው ጋዝ። 3.8 ሊትር ባዶ ቦታን 13 ፒኤስአይ ላይ ጠብቆ ለመሙላት ሌላ 12 ግራም ያህል ይሄዳል። ድምሩ 24 ግራም። በእጁ የነበረው 16።

እና ምን ሆነ? 30 ላይ አድርጎ ሲንጣት 16ቱም ግራም ቢራው ውስጥ ገባ። ይሄ በሊትር ወደ 3 ሊትር ጋዝ ያደርሰዋል፣ ከሚፈለገው በላይ ነው፣ ቧንቧው ሲከፈት ገንፍሎ አረፋ ይሆናል። ካርትሪጁ ውስጥ ደግሞ ለመግፋት የቀረ ነገር የለም። ስለዚህ ቢራውን ሲገፋ የነበረው ከቢራው ከራሱ የሚወጣው ጋዝ ነው። እያንዳንዱ ብርጭቆ ከበርሜሉ ጋዝ እየሰረቀ ወጣ፣ የቀረው ቢራ እየደከመ ሄደ፣ በመጨረሻ መግፊያውም መጠጡም አለቀበት። የመጀመሪያው አረፋና የመጨረሻው ውሃ ሁለት ችግር መስለውት ነበር፣ ሬጉሌተሩን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረገ ያሳድዳቸው ነበር፣ ግን ምንጫቸው አንድ ነው።

ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ ካርትሪጁን አየው። «ታዲያ በአንድ ዙር ሁለት ካርትሪጅ ልጨርስ ነው?» አለኝ። አንዱ ካርትሪጅ እሱ ከሚገዛበት 2 ዶላር ገደማ ነው። ለ4 ሊትር ቢራ 4 ዶላር የጋዝ ሒሳብ፣ እውነትም ያናድዳል። ወደ መፍትሔው እመጣለሁ፣ በፊት ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ነበሩ።

ሙቀቱ። በርሜሏ የምትቆምበት መደርደሪያ ላይ ቴርሞሜትር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርገን አሳደርነው፣ 8 ዲግሪ አሳየ። በሩ በቀን ስንቴ እንደሚከፈት የቤቱ ልጆች ያውቃሉ። ቢራ ሲቀዘቅዝ ጋዝ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። በ3 ዲግሪ 2.5 ሊትር ጋዝ ለመያዝ 11 ፒኤስአይ ገደማ የሚበቃው ቢራ፣ በ8 ዲግሪ 15 አካባቢ ይጠይቃል። ሰውዬው የሚከተለው፣ ለየሙቀቱ ስንት ግፊት እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ሰንጠረዥ የቀዝቃዛውን ቁጥር ነበር የሚነግረው። በርሜሏን ወደ ኋላ፣ ወደ ታች፣ ከግድግዳው አጠገብ አዞርናት። 4 ዲግሪ ሆነች።

ከፍታው። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ኮሎራዶ ላይ ግን የግድ ነው። ሰንጠረዦቹ የተሠሩት ለባሕር ጠለል ነው። ሬጉሌተሩ ላይ ያለችው መርፌ የምታሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፣ ውጭው አየር ደግሞ ዴንቨር ላይ፣ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ዳርቻው በ2.5 ፒኤስአይ ገደማ ያንሳል። ቢራው የሚያውቀው ድምሩን ነው። ስለዚህ 11 የሚለውን 13 ተኩል አድርጎ ማንበብ ነው። ከፍታው በሌላ በኩልም ይመጣል፦ ውጭው አየር ቀለል ስላለ ከቧንቧው የወጣው ቢራ ጋዙን ለመልቀቅ ይቸኩላል፣ ስለዚህ እዚህ አረፋው ትንሽ ይበዛል።

ጎሚኒዋ። አንድ ምሽት አዲስ ካርትሪጅ አጥብቆ አሳደረና ጠዋት መርፌዋ ዜሮ ላይ ነበረች። ጋዙ ቢራው ውስጥ ገባ እንዳይባል ቢራው ቀድሞም ጋዝ ነበረው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጠን በክዳኑ መገጣጠሚያ ሁሉ ቀባነው። ሬጉሌተሩ ደህና ነው፣ ክዳኑ ደህና ነው፣ ቧንቧው ክዳኑ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ግን ትንንሽ አረፋ ይዞ ተገኘ። ፈታነው፣ ጎሚኒው ተጣሞ ተቀምጧል። አውጥቶ፣ ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ቀብቶ፣ ቀጥ አድርጎ መመለስ ብቻ ነበር። በእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ትንሽ ፍሳሽ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 5 ፓውንድ ሲሊንደር ያለው ሰው ትንሽ ቢፈስበት ሳምንት ላያውቀው ይችላል፣ 16 ግራም ያለው ግን ባንድ ሌሊት ባዶውን ያድራል። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ቢራ ከማስገባቱ በፊት ባዶዋን በርሜል በጋዝ ሞልቶ በሳሙና ቢፈትሻት ይሻላል። አንድ ካርትሪጅ ይከፍላል፣ ብዙ ያድናል።

ካርትሪጅ ከተነሳ አይቀር፣ ይሄን አጥብቄ እላለሁ። ለአየር ጠመንጃ የሚሸጡት ካርትሪጆች ርካሽ ናቸው፣ ግን የጠመንጃውን ጎሚኒ ለማለስለስ ዘይት የሚጨመርባቸው አሉ፣ ያ ዘይት ቢራህ ውስጥ ይገባል። «ለምግብ» ተብሎ የተጻፈበትን ግዛ። ክሬም ለመምታት የሚያገለግሉት ትንንሾቹ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጋዝ ናቸው፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው ያለባቸው፣ ለዚህ አይሆኑም። ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ግፊት በክፍል ሙቀት 850 ፒኤስአይ ገደማ ስለሆነ ሬጉሌተሩን ዘግተህ ነው የምታጠብቀው፣ ስታጠብቅም ሳታመነታ ቶሎ ነው፣ ግማሽ ላይ ካቆምክ ፊሽ ብሎ ያልቃል፣ ብረቱም በረዶ ሆኖ ጣት ይይዛል።

አሁን መፍትሔው። እናቱ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው ነበር፣ ጠላ ጠምቀው ያደጉ ሴት ናቸው። ሳሙናውን ስንቀባ ቆመው ያዩናል። «ልጄ፣ ጋኑን ምርግ አድርገህ ብትተወው እኮ ራሱ ይሞቅልሃል፣ ጋዝ በገንዘብ ይገዛል እንዴ?» አሉት። ሳቅን፣ ግን ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። እርሾው ጋዝ በነጻ ይሠራል። ጠርሙስ ላይ ሲያደርገው የኖረውን ነገር በርሜሏ ላይ ማድረግ ነው፦ ትንሽ ስኳር ጨምሮ፣ ዘግቶ፣ ክፍል ውስጥ ማቆየት። ካርትሪጁ ለመግፋት ብቻ ይቀራል።

ልኩ ይሄ ነው። ተራ ነጭ ስኳር 4 ግራም ለአንድ ሊትር ቢራ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። የሚጎድለው 1.65 ስለሆነ በሊትር 6.5 ግራም፣ ለ3.8 ሊትር ከ24 እስከ 25 ግራም። በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን። በጥቂት ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በርሜሏ ታች አፍስሶ ቢራውን በቱቦ ከሥር ቀስ ብሎ መሙላት፣ ከላይ እንዲንቦጫረቅ አይደረግም፣ አየር ከገባበት በሳምንታት ውስጥ እርጥብ ካርቶን የሚል ጣዕም ያመጣል። ከዚያ 20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። በዚህ ሙቀት 2.5 ሊትር ጋዝ የያዘ ቢራ በርሜሏ ውስጥ 30 ፒኤስአይ የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል። የአምራቹን ወረቀት አንብቦ ዕቃዋ ምን ያህል እንደምትችልና ማስተንፈሻ ቫልቯ ስንት ላይ እንደሚከፈት ማየት ግድ ነው። የጓደኛዬ በርሜል ትችላለች፣ እሱ ግን ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ባለ ቧንቧውን ክዳን አውልቆ አብሮ የመጣውን ደፍን ክዳን ነው የሚገጥምላት። ጥሩ ዘዴ ነው። መፍላቱን ሳይጨርስ ቢራ የሚዘጋ ሰው ግን ይሄን ባይሞክር ይሻላል፣ የቀረው ስኳር ተደምሮ ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

አንድ ጉዳቱ ዝቃጩ ነው። እርሾው ታች ይተኛል፣ ቢራ የሚስበው ቱቦም ታች ድረስ ይወርዳል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ብርጭቆ ጭቃ ነው። ይደፋል። ቱቦውን ትንሽ የሚያሳጥሩት አሉ፣ እሱ አልቆረጠውም፣ ግማሽ ብርጭቆ ለዝቃጭ ብሎ መድቦታል። በርሜሏን ለእንግዳ ለማሳየት አንስተህ ካንቀሳቀስካት ግን ሁሉም ይደፈርሳል፣ ይሄን ልጆቹ አስተምረውታል።

አቀዳዱ ላይም ሥራ ነበረ። ድራፍት ቤት ያለ ማሽን ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው ረጅም ቱቦ አለው፣ ቢራው በዚያ ሲጓዝ ግፊቱ በሰበቃ ይበርድለታል፣ ብርጭቆ ውስጥ ሲደርስ ረጋ ብሎ ነው። ቤት ውስጥ ኮርኒ የሚጠቀሙትም ብዙዎቹ 3 ሜትር የሚሆን ቀጭን ቱቦ ያደርጋሉ። በዚህች ዕቃ ላይ ግን ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፣ 13 ፒኤስአይ ላይ ያለ ቢራ በቀጥታ ብርጭቆው ላይ ይተፋል። መፍትሔው ከመቅዳት በፊት ሬጉሌተሩን መዝጋት፣ በማስተንፈሻው ትንሽ ጋዝ ማውጣት፣ 4 ወይም 5 ላይ መልሶ መክፈት ነው። ቀድተህ ስትጨርስ ወደ 13 ትመልሰዋለህ፣ ያ ካልሆነ ቢራው እስከሚቀጥለው ቀን ይደክማል። ጓደኛዬ ይሄን ሁለተኛውን ይረሳል፣ ባለቤቱ ናት የምታስታውሰው።

ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ነው የሚከፈተው። ሰው አረፋ ሲያይ በደመ ነፍስ ግማሽ ይዘጋዋል፣ ያኔ ቢራው በጠባብ ቀዳዳ እየተናጠ ይባስ አረፋ ይሆናል። ብርጭቆው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ ዘንበል ይደረጋል። አዲስ አበባ ጃምቦ የሚቀዱ ልጆችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ እጃቸው ብርጭቆውን አዘንብሎ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ያቃናዋል።

ውጤቱስ? ከዚያ ወዲህ አንድ ካርትሪጅ አንዲት በርሜል ይጨርሳል። በ5 ፒኤስአይ ሲቀዳ 3.8 ሊትሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ከ9 ግራም አይበልጥም፣ ሬጉሌተሩን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ የሚባክነው ሲጨመርም 16ቱ ይበቃዋል። የመጨረሻው ብርጭቆ እንደ መጀመሪያው ጋዝ አለው። አረፋው ሁለት ጣት ነው። ዕቃዋን ከሽያጭ አወረዳት።

የጠርሙሱ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፣ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ማታለል ይሆናል። 19 ሊትር ጠምቀህ 4 ሊትር በርሜል ውስጥ ብታስገባ 15 ሊትር አሁንም ጠርሙስ ይፈልጋል። እንደሷ ያሉ አምስት መግዛት አለ፣ ግን በዚያ ዋጋ ኮርኒውን ከነፍሪጁ ታገኘዋለህ። እሱ የመረጠው መጠኑን መቀነስ ነው፦ አሁን 8 ሊትር ይጠምቃል፣ ግማሹ በበርሜል፣ ግማሹ ከደርዘን ባነሱ ጠርሙሶች። ማታ ማታ አንድ አንድ ለሚጠጡ ባልና ሚስት ልኩ ነው። ጓደኛ በየሳምንቱ የሚሰበሰብበት፣ ማኅበር የሚደግስ፣ ለምረቃ ሃያ ሰው የሚጠራ ሰው ግን ይቺን ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል፣ 4 ሊትር እኮ 11 ጠርሙስ ነው፣ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ያልቃል። ለዚያ ሰው ባለ 5 ፓውንድ የጋዝ ሲሊንደር ነው የሚያዋጣው፣ አንዱ ከ140 በላይ ካርትሪጅ የሚሆን ጋዝ ይይዛል፣ ሲያልቅም ይሞላል እንጂ አይጣልም።

ጽዳቱን በአጭሩ፦ በርሜሏ ባዶ በሆነች ቀን ቧንቧው ተፈታትቶ ይታጠባል። ጎሚኒዎቹ ለብቻ። የደረቀ ቢራ በዚያ ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ከተጋገረ የሚቀጥለውን ዙር ያኮመጥጠዋል፣ አረፋም ያበዛል።

አሁን ወንድሙ ከአዲስ አበባ «ለእኔም አምጣልኝ» ብሎታል። ባዶዋን በርሜል ሻንጣ ውስጥ መክተት ይቻላል። የጋዝ ካርትሪጅ ግን አየር መንገዶች በአብዛኛው በሻንጣ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ጋዙን እዚያው መፈለግ አለበት። አዲስ አበባ በከፍታ ከኦሮራም ትበልጣለች፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በሰንጠረዡ ቁጥር ላይ 3.5 ፒኤስአይ ገደማ መጨመር ነው። ጓደኛዬ አሰበ፣ አሰበና ለጊዜው ለወንድሙ የጠርሙስ ቆርኪ መግጠሚያ ይዞለት ሊሄድ ወስኗል።